ወደ በሩ የሚበሩት ወፎች

ቤተ መንግሥቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለም ሲቀባ ኖረ። ሲቀባ የኖረው እርግጥ በእጥፍ አፍ ብቻ ነው፤ በተቀረው ዓለም በሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ጎብኚውም እንደ ጎርፍ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ታላቅ እህቱ «እስቲ አንድ ቀን ውሰደኝና ልየው» ባለችው ቁጥር ግን እጥፍ ራሱን ይወዘውዝና፣ «እትዬ፣ አሁንም ቀለም ላይ ናቸው እኮ፤ ሽታው ፈረስ ይጥላል» ይላታል። በነዚያ ዓመታት በእሱ አፍ የተቀባው ቀለም ቢጠራቀም መርከብ ያንሳፍፍ ነበር።

እጥፍ ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። አንድ ያየውን ሁለት፣ ሁለት የሰማውን አራት አድርጎ ስለሚያወራ ነው፤ ሞቅ ካለው ደግሞ ሃያ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ ሣቁ ሦስት ሱቅ አልፎ የሚሰማ መጋረጃ ሰፊ ነው። «የዚህን ከተማ መስኮት ግማሹን ያለበስኩት እኔ ነኝ» ሲል ማንም አይከራከረውም፤ ግማሹን ባይሆን ሩቡን፣ ሩቡን ባይሆን እንኳ አንድ ሰፈር ሙሉ አልብሷል። ብቻውን ግን አልነበረም። ከአባታቸው በወረሱት ጠባብ ሱቅ ውስጥ እጥፍ ከፊት ነው፤ ደንበኛ ያስቃል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይለካል፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ይሰቅላል። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምትሰፋው እትዬ ነበረች። ሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች አሳድጋዋለችም ማለት ነው፤ ጫማ ማሰር ያስተማረችው እሷ ናት፣ ሲዋሽ የመጀመሪያዋን ኩርኩም የቀመሰውም ከእሷ እጅ ነው።

አሁን እትዬ አትሰፋም። ዓይኗን ለዓመታት ሲሸረሽር የኖረ በሽታ ከአንድ ስንዝር ወዲያ ያለውን ዓለም ጉም አልብሶባታል። አፍንጫዋ ሥር ያመጣችውን ነገር ጥርት አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ ካለፈ ሰውም ቁምሳጥንም አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ጋ ደርሳ መጣችና ካፖርቷን መስቀያው ላይ አድርጋ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ ተናገረች።

«ይቺም የቀረችኝ ስድስት ወር ብትቆይ ነው አለኝ።»

እጥፍ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «የትኛው ሐኪም? አገር የሚያውቀው ሌላ ሐኪም አለ፣ ዕውር ያበራ! ነገውኑ…»

«ተው እስቲ። ሦስት ሐኪም አንድ ቃል ነው የነገሩኝ። ይልቅ ስማኝ፤ ቀለሙ ደረቀም አልደረቀም ቤተ መንግሥቱን አያለሁ። መጋረጃዬን ማየት እፈልጋለሁ። ስሜ የተጻፈበትን የናስ ሰሌዳም ታነብልኛለህ።»

እጥፍ ያን ዕለት ራቱን አልበላም። እሱ ራት የተወበት ቀን ደግሞ በታሪክ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ ሊከፈት ሲሰናዳ፣ ከዙፋኑ አጠገብ ግድግዳውን ሸፍኖ ይንጠለጠል የነበረው የሐር መጋረጃ ብል በልቶት ወንፊት ሆኖ ተገኘ። አርባ ወፎች በወርቅ ክር ተጠልፈውበታል፤ እጥፍ ሲናገር አራት መቶ ይሆናሉ። መጋረጃው ተጠቅልሎ ወደነሱ ሱቅ መጣ። እትዬ ሰባት ወር ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የወፎቹን ክንፍ ክር በክር መለሰችላቸው። እጇ እንዴት ያለ ነበር! የጨርቁን ፊትና ጀርባ መንታ አድርጋ ሰፋችው፤ አንድ ቋጠሮ እንኳ ጎልቶ አይታይም። በጨረሰች ማግስት ዓይኗ ቀልቶ አብጦ በጥጥ ታሸገ። እጥፍ መጋረጃውን ተሸክሞ ብቻውን ሄደ።

በሱቁ ከአባታቸው ዘመን የመጣ አንድ ሥርዓት አለ፦ ሥራውን ያስረከበ ሰው ይፈርማል። ማን ለካ፣ ማን ቆረጠ፣ ማን ሰፋ ተብሎ አይጠየቅም፤ ደንበኛ የሚያውቀው በሩ ድረስ ያመጣለትን ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊም ወረቀት ዘርግቶ «የጠገነው ሰው ሙሉ ስም» የሚል መስመር ላይ ጣቱን ሲያስቀምጥ፣ እጥፍ እንደ ሁልጊዜው የራሱን ስም ጻፈ። በልማድ ነው ቢል እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። ግን ጸሐፊው ወረቀቱን አንሥቶ «ይሄ እንግዲህ በናስ ላይ ይቀረጻል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» አለው። ያኔ «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻል ነበር። የብዕሩ ቀለም ገና አልደረቀም። እጥፍ ምን አለ? «ቅርጹን ደመቅ አድርጉት» አለ።

ቤት ሲገባ እትዬ ዓይኗ ላይ ጥጥ እንዳለ፣ «ስም ይጽፋሉ ብለኸኝ አልነበር? ጻፉልኝ?» አለችው።

«መጻፍ ነው እንዴ! የበር ቁመት በሚያህል ናስ ላይ! ሙሉ ስምሽን!»

ሣቀች። ጥጡ እስኪወድቅ ድረስ ሣቀች። የዚያች ሣቅ ነገር ናት ዐሥራ አንድ ዓመት ቤተ መንግሥቱን ቀለም ስታስቀባው የኖረችው።

እነሆ አሁን ቲኬት ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የወለሉ እንጨት እንዳይጫር ለእያንዳንዱ ጎብኚ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ወፍራም የጨርቅ ነጠላ ጫማ ይታደላል። እጥፍ ተንበርክኮ ለእህቱ አጠለቀላት።

«ጥሩ ነው» አለች እትዬ፣ እግሯን እያንሸራተተች። «ድመት ሆንን። ንጉሡ ቢነቁ እንኳ አይሰሙንም።»

አስጎብኚዋ ቀይ ባንዲራ እንጨት ላይ አስራ የያዘች፣ ድምፅዋ የጠራ ወጣት ናት። ከሃያ ሰው የማያንስ ቡድን አስከትላ ገባች፤ ሁለቱ ከኋላ ቀሩ። እጥፍ እህቱን ክንዷን ይዞ የሚያየውን ሁሉ ይነግራታል። እዚህ ላይ በመካከላቸው ለማንም የማይነገር አሠራር አለ፤ እሱ ያባዛል፣ እሷ ታካፍላለች።

«ከላይ የተንጠለጠለው መብራት፣ እትዬ፣ ሺህ አምፖል አለው!»

«እሺ፣ መቶ ነው ማለት ነው።»

«የምግብ ጠረጴዛው ከዚህ እስከ ባቡር ጣቢያው ይደርሳል!»

«ሠላሳ ሰው ያስቀምጣል በለኛ።»

«መታጠቢያ ገንዳው… ጀልባ በይው!»

«እሱን እንኳ አምንሃለሁ» አለች የገንዳውን አፍ በእጇ ዳብሳ። «አልጋቸውስ?»

እጥፍ አልጋውን አየው። እውነቱን ለመናገር አጭር አልጋ ነው፤ የንጉሡ እግር ሳይወጣ አልቀረም። «ሰፊ ነው» ብሎ ብቻ አለፈ።

እትዬ ወደ እሱ ዞረች። «ምን ሆነሃል ዛሬ? ያመመህ ነገር አለ? አልጋ አይተህ ሰፊ ነው ብቻ?»

«ኧረ ምንም፤ የጫማው ነገር ነው፣ አንሸራተተኝ።»

ምንም አይደለም ያለው ሰውዬ ጀርባው በላብ ረጥቧል። እያንዳንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ዙፋኑ አንድ ክፍል ይቀርባል። ሐሳቡ ሁሉ አስጎብኚዋ ከናሱ ርቃ በምትቆምበት ሰዓት ፈጥኖ አንብቦላት፣ ፈጥኖ ይዟት መውጣት ነው። ከዚያ ምንም አይመጣም፤ እሷ ደስ ብሏት ትገባለች፣ እሱም የሆነ ጊዜ፣ አንድ ቀን፣ ይነግራታል። ይህን «አንድ ቀን» የሚሉትን ነገር ዐሥራ አንድ ዓመት ኪሱ ይዞት ሲዞር ነበር።

የዙፋኑ አዳራሽ ደረሱ። የዚያን አዳራሽ ስፋት ማን ይናገረው! ሦስት ሠርግ በአንድ ቀን ቢደገስበት ሙሽሮቹ አይተዋወቁም። ዙፋኑ በስተግራ ጫፍ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ከዙፋኑ ጎን ጀምሮ እስከ በሩ አቅጣጫ ግድግዳውን ሸፍኖ መጋረጃው ተንጠልጥሏል። ቀይ ገመድ ከጎብኚው ይለየዋል። ናሱ ከገመዱ ወዲያ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከደብተር አይበልጥም።

እድል ሆኖ አስጎብኚዋ ቡድኑን ይዛ ወዲያኛው ጥግ ስለ ጣሪያው ሥዕል ትናገራለች።

«የት አለ?» አለች እትዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል።

«ይኸው፣ ከፊትሽ።»

ዓይኗን አጠበበች። ጉም ነው። «አንብብልኝ።»

እጥፍ ናሱን አየ። የራሱ ስም፣ ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር፣ ደመቅ ተደርጎ ተቀርጿል። አነበበም። የእሷን ስም አነበበ፤ ከዚያ የአባታቸውን፣ ከዚያ የአያታቸውን። ከሦስቱ ሁለቱ እውነት ነበሩ፤ አባት መጋራት ለውሸት እንኳ ይረዳል። ሳያስበው ደግሞ ጨመረበት፦ «ሰባት ወር በታላቅ ትጋት የጠገነችው።»

«ታላቅ ትጋት ይላል?»

«ይላል።»

«ድገምልኝማ።»

ደገመላት። እትዬ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ መነጽሩ ምንም አልሆነም፣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ የወንድሟን እጅ ፈልጋ ጨበጠችው። እጥፍ በዚያች ሰዓት ወለሉ ተከፍቶ ከነጨርቅ ጫማው ቢውጠው አይጠላም ነበር። ያቺ እጅ የመርፌ ጠባሳ ሞልቶባታል፤ እያንዳንዱ ጠባሳ መዳፉን የሚወቅሰው መሰለው።

«በቃ፣ እንሂድ?» አለ።

«ወዴት? መጋረጃዬን ሳላይ?»

ይህን ሲባባሉ ቡድኑ ደረሰ። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት፣ የቤተ መንግሥታችንን ዕንቁ ተመልከቱ» አለች። «አርባ የወርቅ ወፎች! ሁሉም ጀርባቸውን ለዙፋኑ ሰጥተው ወደ በሩ እየበረሩ ነው። ለምን ይመስላችኋል? የንጉሡን ቃል ይዘው ወደ ሕዝቡ እየወጡ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ምንቃር አንድ ትእዛዝ አለ።»

ጎብኚዎቹ «ኦ» አሉ። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ስልኳን አውጥታ ምንቃሮቹን አቅርባ አነሣች።

«ወዴት ነው የሚበሩት?» አለች እትዬ።

«ወደ በሩ፣ እማማ።»

«ወደ በሩ?»

እንግዲህ እትዬ የወንድሟን ክንድ ለቀቀች። ከገመዱ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና የመጋረጃውን ጠርዝ ያዘች። ጥበቃው፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ «እናቴ! መንካት ክልክል ነው!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። አልሰማችውም። ጣቶቿ በወፏ ላይ ሄዱ፣ ክንፍ፣ አንገት፣ ከዚያ የወፏ ዓይን የተሰፋበት ቦታ ላይ ቆሙ። ጠርዙን ወደ ፊቷ አምጥታ በአንድ ስንዝር አየችው። ማንም የማያየውን፣ የአሸዋ ፍሬ የማያህለውን ቋጠሮ አገኘች።

«ይሄ እኮ ጀርባው ነው» አለች። «ማነው ገልብጦ የሰቀለው? ወፎቼ ወደ ዙፋኑ ነው የሚበሩት። ከጌታቸው እየሸሹ ነው እኮ ያስመሰላችኋቸው!»

አንድ ጎልማሳ ሣቀ። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ዝቅ አደረገች። ጥበቃው ሬዲዮው ላይ አንድ ነገር አለና ብዙም ሳይቆይ የቅርስ ክፍል ኃላፊው፣ ሽበታም ጨዋ ሰውዬ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ መጡ። እትዬ ያለችውን ሰሙ፤ በትዕግሥት ነው የሰሙት።

«እናቴ፣ ሊሆን አይችልም። የሰቀለው ራሱ የጠገነው ባለሙያ ነው። የገዛ ሥራውን ገልብጦ የሚሰቅል ሰው አለ?»

«የጠገንኩት እኔ ነኝ። አልሰቀልኩም።»

«ስሙ እዚያ ተጽፏል እኮ፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ፤ የኔ ስም ነው። አሁን ወንድሜ አነበበልኝ።»

ኃላፊው ግራ ገብቷቸው አስጎብኚዋን አዩ። ልጅቱ ክፋት የላትም፤ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች። የእጥፍን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን። ታላቅ ትጋት የሚል አልነበረበትም።

እትዬ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች። ዞር አላለችም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

ችግሩ ኃላፊው አሁን እጥፍን አስተውለው ማየታቸው ነው። «እንዴ! እርስዎ አይደሉም? እርስዎ ነዎት እንጂ! መሰላሉ ላይ ሆነው ሲያስቁን የዋሉት! እንኳን እግር ጣለዎ!» እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ይኸው እኚህ እናት ተገልብጧል ይላሉ። ሰፊውም ሰቃዩም እርስዎ ነዎት፤ አንድ ቃል ይበሉንና ይለቅ። ፊቱ ይሄ አይደለም?»

አንድ ቃል። «ነው» ካለ ሁሉም ነገር በቦታው ይቀራል፤ ናሱም፣ የአስጎብኚዋ ተረትም፣ የእሱ የተነፋ ደረትም። እትዬ ደግሞ ዓይኗም ሐሳቧም የደከመ አሮጊት ሆና፣ የገዛ ሥራዋን እንደማታውቅ ሆና ትወጣለች።

መጋረጃው የተሰቀለበት ቀን ትዝ አለው። እትዬ በጨርቁ ጀርባ ሁልጊዜ በጠመኔ መስቀል ምልክት ታደርግበት ነበር፤ መጋረጃው በመኪና ሲንገላታ መጥቶ ጠመኔው ተራግፏል። አራት ሠራተኞች ጫፍ ጫፉን ይዘው መሰላሉ ላይ ወጡና አንዱ «ጌታው፣ ፊቱ የቱ ነው?» አለው። እጥፍ ግራ ቀኝ አየ፤ መንታ ነው። ያስረከበ ተላላኪ ቢሆን «ቆይ እህቴን ልጠይቅ» ይል ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ግን የሰፋሁት እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል፤ የሰፋ ሰው ደግሞ ፊቱ የቱ ነው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ጣቱን ቀስሮ በሙሉ ልብ አሳየ። «ይሄ!» አለ። እንዴት ባለ ድምፅ!

«እንግዲህ…» አለ አሁን፣ ከንፈሩን እያራሰ። «ያኔ የነበሩት ሠራተኞች ችኩሎች ነበሩ። እኔ እንኳ በደንብ አሳይቻቸው…»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ጥበቃው። «አንዱ እኔ ነበርኩ እኮ! እኔ ነኝ የጠየቅሁዎ። በጣትዎ አላሳዩንም? ይሄ ብለው?»

ሃያ ጎብኚ ዞሮ እጥፍን አየው። እትዬ ብቻ አላየችውም።

እጥፍ አፉን ከፈተ። ያ አፍ ስንቱን ደንበኛ አሳምኗል፣ ስንቱን ለቅሶ ቤት አስቋል፣ ለስንት ነገር መውጫ ቀዳዳ አበጅቷል። አሁንም ሦስት አራት ቀዳዳ ታይቶት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ነበር ማለት፣ አሞኝ ነበር ማለት፣ ንጉሡ እንዲህ ነበር የሚወዱት ማለት። ከዚያ የእህቱን ጀርባ አየ። ትከሻዋ ከመስኮቱ ሥር ሰባት ወር ጎብጦ የቀረ ትከሻ ነው።

«አላውቅም» አለ።

«ምኑን?» አሉ ኃላፊው።

«ፊቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀንም አላወቅሁም። አንዲት መርፌ አላሳለፍኩበትም፤ የሰፋችው እሷ ናት። እኔ ተሸክሜ መጣሁና ስሜን ጻፍኩ። ቅድምም ዋሽቼ ነው ያነበብኩላት።»

አለቀ። ጋሽ እጥፍ ያልጨመረበት ነገር ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ምን ይጨምርበታል? ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የሣቀው ጎልማሳ ቀስ ብሎ አስጎብኚዋን፣ «ታዲያ ትእዛዙን የያዙት…» ሲላት፣ «እኔ እንጃ፤ ማስጎብኛ መጽሔቱ ላይ ግን እንደዚያ ነው» አለችው፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው መጋረጃውን ቀርበው አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ፤ አነጋገራቸው ተለውጧል። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እጽፋለሁ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ግን ይሄን ለማውረድ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፣ ባለሙያ ይመጣል፣ ደብዳቤ አለ… ቢፈጥን ቢፈጥን ስምንት ወር ነው።»

«እኔ ስድስት ነው ያለኝ» አለች እትዬ።

አልገባቸውም። እጥፍ አስረዳቸው። ከአንድ ስንዝር በላይ እንደማታይ፣ ያቺም በስድስት ወር እንደምትዘጋ፣ የመጣችው ለዚህ ብቻ እንደሆነ። ኃላፊው ግድግዳውን አዩ። መጋረጃው እንዳይሻግት አየር እንዲያገኝ ተብሎ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው የተሰቀለው።

«ከኋላ በኩል መግባት ይቻላል» አሉ። «ገመዱን አንሣው።»

ጥበቃው ገመዱን አነሣ። ኃላፊው ከኪሳቸው ነጭ ጓንት አውጥተው ለእጥፍ ሰጡት። «እርስዎ ጠርዙን ይያዙላቸው፤ ከፍ አድርገው፣ ሳይስቡት። ከመስኮቱ ብርሃን እንዲገባላቸው።» የሐር መጋረጃ ቀላል ይመስላል፤ ወርቅ ክር የተሸከመውን የያዘ ያውቀዋል። እጥፍ ጓንቱን አጥልቆ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እትዬ ወንድሟን ሳትነካው በክንዱ ሥር አልፋ ገባች። ከዚያ አልታየችም፤ ከመጋረጃው ግርጌ የጨርቅ ጫማዎቿ ብቻ ይታያሉ።

ቡድኑ ወደሚቀጥለው ክፍል ተነዳ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከጨርቁ ወዲያ ትንፋሿ ይሰማዋል፤ ፊቷን አስጠግታ አንዷን ወፍ ስታይ ትቆያለች፣ ከዚያ ጫማዎቿ ወደ ጎን ትንሽ ይንሸራተታሉ።

«ይቺን ምንቃሯን ሁለት ጊዜ ነው ፈትቼ የሠራኋት» አለች። ለእሱ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

«እትዬ…»

«ብርሃን።»

ከፍ አደረገው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል። እያየሁ ነው።»

ጫማዎቿ ተንሸራተቱ፤ አንድ ወፍ፣ ሌላ ወፍ። ከአዳራሹ ወዲያኛው በር ሌላ ቡድን ሲመጣ ይሰማል፤ ሌላ አስጎብኚ፣ ያው ተረት።

«ቅድም ስታነብልኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የአባባን ስም ስትጠራ… ምነው በኖረና በሰማ ብዬ ነበር።»

የእጥፍ ላብ ይሁን ሌላ ነገር አገጩ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ፤ እጁ ሁለቱም ወደ ላይ ስለሆነ መጥረግ አልቻለም። ጥበቃው ተጠግቶ «ጋሼ፣ ላግዝዎት? ልቀበልዎት?» አለው በሹክሹክታ። እጥፍ ራሱን ወዘወዘ።

አዲሱ ቡድን ደረሰ። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የቆመውን ሰውዬ ከበቡት፤ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» ሲል ሌላው «ማን አለ ከኋላው?» አለ።

«የሰፋችው» አላቸው እጥፍ። «እያየችው ነው። ትንሽ ጠብቁ።»

«ብርሃን» አለች እትዬ።

ከፍ አደረገው። ወፎቹ አርባ ናቸው፤ እሷ ገና ዐሥራ ሰባተኛዋ ላይ ነበረች።